መነጽራቸውን የረሱት ገምጋሚ

የምሠራበት ሆስፒታል ስም ይቅር፤ ጎንደር ውስጥ መሆኑ ይበቃል። ገምጋሚዎች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የውስጥ ደዌ ክፍላችን ሌላ ቤት መሰለ። ግድግዳው ታጠበ፣ የጠፋው ሳሙና ተገኘ፣ ለወራት «የለም» ስንባልበት የነበረው ነጭ አንሶላ ከነእሽጉ ከመጋዘን ወጥቶ በየአልጋው ተነጠፈ። እንግዶቹን የማስጎብኘቱ ሥራ «አንደበትህ ይቀናል» ተብዬ ለእኔ ደረሰኝ። አስጎበኘሁ፤ ተመሰገንሁም።

በማግስቱ ጠዋት ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዳቸው በፊት የረሱትን መነጽር ሊወስዱ ብቻቸውን ተመለሱ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አንሶላውን ከአልጋ አልጋ እየገፈፉ ሲያጥፉ ነበር። ሰባት ቁጥር ላይ የተኙት እናት አንሶላው ከሥራቸው ሲሳብ ወገባቸውን ከፍ አድርገው ይተባበራሉ። ሰውየው መነጽራቸውን አጠለቁ፣ አዩ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሲስተር ግን «ለሚቀጥሉት እንግዶች ይቀመጥ ተብያለሁ» ብለው ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

ያን ሰሞን እኔም ገምጋሚ ልሆን እየተዘጋጀሁ ነበር። አሜሪካ ለሬዚደንሲ (ሐኪም ስፔሻሊስት ለሚሆንበት የሆስፒታል ሥልጠና) አመልክቼ ሁለት ሆስፒታሎች በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርገውልኛል። የቀረኝ በምርጫዬ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። እነርሱም በበኩላቸው አመልካቾችን ይደረድራሉ፤ ኮምፒውተር ያጣምራል፤ ውጤቱ መጋቢት ላይ ይወጣል። ከወጣ በኋላ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ማለት የለም፤ ሁለቱም ወገን ይታሰርበታል። ታዲያ አንደኛው ሆስፒታል «በአካል መጥተህ ብታየን» የሚል ግብዣ ላከልኝ።

የሥራ ባልደረባዬ «ካልሄድህማ ፍላጎት የለውም ይሉሃል» አለኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። በእርግጥ የማጣመሩ ደንብ ሆስፒታሎች ከቃለ መጠይቁ በኋላ የሚደረግ ጉብኝትን ግዴታ እንዳያደርጉ፣ ለደረጃ ይታያል ብለው ፍንጭ እንዳይሰጡም ይከለክላል። ቀመሩም እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ከአመልካቹ ምርጫ የሚነሣ ስለሆነ የወደዱትን ማስቀደም አይጎዳም። ይህን አንብቤዋለሁ። ፍርሃት ግን ደንብ አያነብም፤ የደረሰኝን እቁብ ለአውሮፕላን ትኬት ላውለው፣ አዲስ አበባ ወርጄ ቪዛ ልጠይቅ ተነሥቼ ነበር።

የያዘኝ አንሶላው ነው። ቀን ቆርጠው የጠሩኝ ሰዎች አንሶላ አንጥፈው እንጂ ገፍፈው አይጠብቁኝም። (ሚስትና ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው የቤት ኪራዩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሰፈሩን ሊያይ ቢመለስ አልፈርድበትም፤ እኔ ግን ከአንድ ሻንጣ በቀር የለኝም።) ማየት የምፈልገው መነጽር የረሳ ሰው የሚያየውን ነበር።

እናም በሰው በሰው ብዬ ከሁለቱም ሆስፒታሎች የአገር ልጆች ስልክ አገኘሁ። ያዘጋጀሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሌሊት በሽተኛ ሲከብድባችሁ ከፍተኛውን ሐኪም ብትቀሰቅሱ ምን ይላል? ከጋበዘኝ ሆስፒታል ያለው ልጅ ጥቂት ዝም አለና «ከተማዋ በጣም ደስ ትላለች» አለኝ።

ሁለተኛዋን ያገኘኋት በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእርሷ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ተረኛ ሆና ነው። «ትናንት ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሼዋለሁ። በመጀመሪያው በስልክ ነገረኝ፣ በሁለተኛው ለብሶ መጣ» አለች። ከበስተጀርባዋ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ደኅና ሁን እንኳ ሳትል ዘጋችው። የእርሷን ሆስፒታል አንደኛ አድርጌ ዝርዝሩን ላክሁ፤ እቁቡም ሳይነካ ተቀመጠ።

መጋቢት ላይ አንደኛ ምርጫዬ እንደ ደረሰኝ መጀመሪያ የነገርሁት ለሲስተር ነው። ደጋግመው ሳሙኝ፣ መረቁኝም። ከዚያ እጄን እንደያዙ ጠጋ አሉና፣

«እንዲያው ዶክተር፣» አሉኝ፣ «እዚያስ አንሶላ አላቸው?»