ሱፍ የለበሰ ላዳ

ይሄን ነገር አንድ ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጋሼ አዲስ ለተቀጠረው ልጅ ሲያወሩለት ሰማሁ፤ ያውም እኔ እዚያው ቆሜ፣ ያውም ቅመም ጨምረውበት። ስለዚህ የኔንም ስሙልኝ።

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ጋራዥ ነው። ደንበኛውም ሠራተኛውም አብዛኛው ሐበሻ ነው። እኔ ኮምፒውተር ሰክቼ ኮድ የማነብ ትውልድ ነኝ፤ የኤ ኤስ ኢ፣ ማለትም የአሜሪካ የመካኒኮች ፈተና፣ ሰርተፍኬቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ደግሞ አዲስ አበባ ፊያት 600 ላይ እጃቸውን ያፍታቱ፣ ሰባን ያለፉ፣ ጡረታ የሚለው ቃል ሲነሳ ብቻ ጆሯቸው የሚደክም ሰው ናቸው። ኮድ ምናምን አያውቁም። ኮፈኑን ከፍተው ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይፈርዳሉ። የሚያናድደው አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

ለጋሼ ስፓርክ ፕለግ የሚባል ነገር የለም። ካንዴላ ነው። ጋስኬትም የለም፣ ጓርኒሲዮን ነው። ክላች ፍሪሲዮን፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ። እኔም ተግባረ ዕድ ስማር እንደዚያ ነበር የምለው፤ እዚህ መጥቼ ነው የተውኩት። ደንበኛ ፊት ሲናገሩ እሸማቀቅ ነበር። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ እዚህ አገር ካንዴላ ካሉ እኮ ሻማ ነው የሚያመጡልዎ" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ "ይምጣ፣ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል" አሉኝ።

እንግዲህ እንዲህ ባለንበት ነው ዶክተሩ ያቺን መኪና ይዞ የመጣው። (አንተ በለኝ ስላለኝ ነው፤ ድፍረት አይደለም።)

የ1976 ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ኋላዋ ላይ ለስሙ ያህል ወንበር ያላት። ፒኒንፋሪና ነው የነደፋት፤ ሞተሯ 1756 ሲሲ፣ ላዩ ላይ ሁለት ካምሻፍት ያለው። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። አሜሪካኖች ግን ፊያት ላይ የሚቀልዱት ቀልድ አላቸው፤ የስሙን ፊደላት ዘርዝረው "ፊክስ ኢት አጌን ቶኒ" ይሉታል፤ "ቶኒ፣ እስኪ እንደገና ጠግናት" ማለት ነው። ዶክተሩ ቀልዱን ያውቀዋል፣ አይስቅበትም። ልጅ ሆኖ አንድ መጽሔት ላይ አይቷት ነው የወደዳት። ሃምሳ ዓመቱ ላይ ገዛት። ሕልሙ በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀልቶ ሳለ፣ ሚስቱን ይዞ ጣሪያዋን አጥፎ ስካይላይን ድራይቭ ላይ፣ ያ በሸናንዶዋ ፓርክ ተራራ ላይ የሚሄደው መንገድ ላይ፣ መንዳት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ማሰማመር ፈለገ። ያን ለአሜሪካ ሕግ ተብሎ የተገጠመባትን ግዙፍ ፓራውልት (ባምፐሩን) አውልቀን የድሮውን ቀጭን ኒኬል ገጠምን። ለካንዴላው እሳት የሚያስነሳውን ፑንቲና አውጥተን ኤሌክትሮኒክ አደረግነው። ማርሚታው ተቀየረ፣ መሪዋ የእንጨት ሆነ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፋብሪካውን አንድ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ማለቴ ነው፣ አንስቼ ዌበር 40 አይ ዲ ኤፍ የሚባሉ ሁለት ካርቡራተሮች ጎን ለጎን ገጠምኩላት። ይሄ የኔ ሥራ ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ሁለቱን ካርቡራተሮች እኩል እንዲተነፍሱ ማድረግ መንታ ሕፃናትን እኩል እንደ ማስተኛት ነው፤ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነቃል።

ቀለሙ ላይ ሲደርስ ዶክተሩ ሰማያዊ መረጠ። ጎኗ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለጋሼ ሲያሳይ ነበርኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁ። መኪናዋን አዩ፣ ናሙናውን አዩ፣ እንደገና መኪናዋን አዩ።

"ዶክተር፣ ይቺ እኮ ሱፍ የለበሰች ላዳ ናት" አሉ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ላዳ ከማን ተቀዳች? ከፊያት 124። ይቺስ ስሟ ማነው? 124። የአክስት ልጆች ናቸው። አሁን ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ልትቀባት ነው። የቀረህ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ እያለ የሚጠራልህ ረዳት ነው።"

ላዳ ታክሲ ተጋፍቶ የተሳፈረ ሰው ይሄ ቀልድ የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። የዶክተሩን ፊት ብታዩት! አንዴ ሳቅ፣ አንዴ ሐዘን። ነገሩ ደግሞ እውነት ነው፤ ላዳ ከ124 ሴዳን ነው የተወለደችው። በማግስቱ ደወለና ነጩን መስመር ሰረዘው። ሰማያዊውም አረንጓዴ ሆነ።

ዋናው ጣጣ ግን የመጣው በጂግለር ነው።

ለማታውቁ፣ ጂግለር ማለት ካርቡራተር ውስጥ ያለች የነሐስ ፍሬ ናት። ከትንሿ ጣት ጥፍር አትበልጥም። መሃሏ የተበሳ ነው፤ ቤንዚኑ በዚያች ቀዳዳ ተለክቶ ነው የሚገባው። 125 የሚል ከተጻፈባት ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እኔ ሞክሬ፣ ካንዴላውን እያወጣሁ ቀለሙን አይቼ፣ 125 ላይ ነው የረጋሁት። ካንዴላው ቡናማ ነበር፤ ልክ የተቆላ ቡና። (አዎ፣ ካንዴላ አልኩ።)

ጋሼ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

"ስንት አደረግከው?"

"125።"

"ይበዛል።"

"ጋሼ፣ ካንዴላውን ይዩት፣ ልክ ነው።"

"እዚህ ልክ ነው። ተራራ ነው የሚወጣው ብለሃል አይደል?"

ምን ሊሉ እንደፈለጉ ገብቶኛል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታፈንና ጥቁር ጭስ ያጨሳል። የአዲስ አበባ መካኒክ ይሄንን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው፤ ጣሊያን አገር በቆላ የተለካች መኪና እዚያ ደርሳ ስትንተፋተፍ አይቷል። ግን ልክ አለው።

"ጋሼ፣ አዲስ አበባ እኮ 2400 ሜትር ነው። ይሄ መንገድ ከፍ ቢል ከፍ ቢል 1120 ነው። ደብረ ዘይትን እንኳ አያክልም።"

"ተራራ ተራራ ነው" አሉኝና ሄዱ።

ተከራክሬ የረታሁ መሰለኝ። ሞኝነቴ! ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ከሄዱ ነገሩ አላለቀም ማለት እንደሆነ አራት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ማወቅ ነበረብኝ።

እሁድ ጠዋት ለሙከራ ወጣን። ዶክተሩ ሚስቱን ከመጫኑ በፊት መኪናዋን ሊፈትሽ ፈልጎ የቀን ሒሳባችንን ከፈለን። እሱና ጋሼ በስፓይደሯ፣ እኔ ከኋላ በኮሮላዬ፣ ዕቃ ጭኜ። ጋሼ የሱፍ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ለጥምቀት የሚወጡ ነው የሚመስሉት። በ66 አውራ ጎዳና እስከ ፍሮንት ሮያል ድረስ ደህና ሄደች። አልፎ አልፎ ትንሽ ሳል ቢጤ እሰማለሁ፤ ልቤ አላመነም፣ ግን አለፍኩት። የፓርኩ በር ላይ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፤ ለሁለት 60። የኔንም ዶክተሩ ከፈለ። (ይሄን ያነሳሁት ሰውየው ቸር እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው፤ በኋላ ስለምወቅሰው።)

ስካይላይን 105 ማይል ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አይነዳም። ገና ከመግቢያው ዳገት ነው። ዶክተሩ ቤንዚን ሰጣት፤ ያኔ ጀመረች። ጧ! ጧ! በካርቡራተሩ በኩል ወደ ላይ ትተፋለች። ጉልበቷ ከዳት። ኋላችን ያለው የመኪና ሰልፍ ረዘመ፤ አንድ ብስክሌተኛ ደረሰብን፤ እየሳቀ አለፈን። ፎቶ የሚነሱበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ተጎትታ ቆመች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ትግላለች። አንዱን ካንዴላ በጨርቅ ይዤ አወጣሁት።

ነጭ። እንደ ጠመኔ ነጭ።

ነጭ ማለት ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው። በፊት የተቆላ ቡና የነበረው ካንዴላ! ፓምፑ ነው? ማጣሪያው ነው? አንድ ቦታ አየር ትስባለች? ጭንቅላቴ ውስጥ ይሄን ሁሉ እደረድራለሁ። ዶክተሩ ራሴ ላይ ቆሟል። ፊቱ ላይ የማነበው አንድ ነገር ነው፦ "ይሄ ልጅ ሞተሬን አበላሸው።" አልተናገረውም፤ ግን በትሕትና፣ "ምናልባት የድሮው ካርቡራተር ይሻላት ነበር?" አለ። ሦስት ቅዳሜዬ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ገደል ገባች። ገደሉም ደግሞ እዚያው ፊት ለፊታችን ነበር።

"ይሄ እኔ የተውኩት አይደለም" አልኩ። ለማንም አልነበረም፤ ለራሴ ነው።

ያኔ ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። ሸለቆውን እያዩ ነው። ቅጠሉን ያደንቃሉ። ቀኝ እጃቸው ግን የሸሚዛቸውን የደረት ኪስ ከላይ እየዳበሰ ነው፤ ሰው መታወቂያው መኖሩን እንደሚያረጋግጠው።

"እስኪ ትብረድ" አሉ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ "ካቻቢቴ አቀብለኝ" አሉኝ። አቀበልኳቸው። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሱ። አራቱን ጂግለሮች አንድ በአንድ ፈቱ። ከደረት ኪሳቸው በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ጀርባቸውን ለዶክተሩ ሰጥተው ፈቱት። አራት የነሐስ ፍሬ። ጸሐይ ሲያርፍበት ቁጥሩ ከቆምኩበት ይነበባል።

125። የኔ ናቸው።

ያወጧቸውን ደግሞ አየሁ። 110። ቅዳሜ ማታ እኔ ከወጣሁ በኋላ መሆን አለበት፤ ከዚያች የማታልቅ የብስኩት ቆርቆሯቸው ውስጥ 110 ፈልገው፣ ለአዲስ አበባ እንደሚገባ አድርገው ቀይረዋቸዋል። ሜዳው ላይ ለቀስታ ጉዞ ዋናው ጂግለር ብዙም ሥራ ስለሌለው አልታወቀም። ዳገቱ ላይ ቤንዚን ሲፈለግ ነው ጉዱ የወጣው።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጋሼ ምንም አላሉም። ቅንድባቸው ብቻ ትንሽ ከፍ አለ። ያ ቅንድብ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ "ይቅርታ" ነው? "ትናገርና!" ነው? አፌ ላይ መጥቶ ነበር። "ዶክተር፣ እኚህ ሰው..." ልል ነበር። ግን ሽማግሌ ሰው፣ በሰው አገር፣ በደንበኛ ፊት። ደግሞም አንድ ነገር አሰረኝ። ሰውየው በራሳቸው ሙሉ በሙሉ ቢተማመኑ ኖሮ የኔን ጂግለሮች ለምን በናፕኪን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ?

አስነሷት። ዘፈነች። ዶክተሩ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣው እየጮኸ ነበር፤ የደስታ ጩኸት። ሲመለስ ወርዶ ጋሼን አቀፋቸው።

"እጅዎ ይባረክ ጋሼ! ልምድ ማለት ይሄ ነው!"

እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አይዞህ፣ አንተም ትማራለህ።"

ትማራለህ!

ለጋሼ ሁለት መቶ ዶላር በእጃቸው አስጨበጣቸው። ለኔ የሸናንዶዋ ፓርክ ሥዕል ያለበት የቡና ኩባያ ገዛልኝ። ከዚያ ወዲህ በልደት ላይ፣ በክርስትና ላይ፣ ይቺን ታሪክ ሲያወራ አራት ጊዜ ሰምቻለሁ፦ ጋሼ ሞተሩን አዳመጡት፣ ኪሳቸው ገቡ፣ አራት የነሐስ ፍሬ አወጡ፣ ልክ ያቺ መኪና የምትፈልገውን ቁጥር! "ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት እኮ!" ሲል ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔ ክትፎዬን እጎርሳለሁ።

ሰኞ ጠዋት የዕቃ ሳጥኔን ስከፍት የተጠቀለለ መቶ ዶላር አገኘሁ። ጋሼ ከሌላ መኪና ሥር ተኝተዋል፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

"የሻይ ነው" አለኝ እግራቸው።

ወሰድኩት። አልዋሽም። መቶ ዶላር ለሻይ ይበዛል፣ ለዝም ማለት ግን ያንሳል፤ ቢሆንም አንዴ ከወሰዱ በኋላ መናገር ያስቸግራል። እዚህ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ለመድኩ፦ መኪና ካስተካከልኩ በኋላ የጂግለሩን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታያል። ጋሼ ሲያዩኝ፣ "ሰርግ አለ?" ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። ዘንድሮ ስካይላይን አልበቃውም፤ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን እስከ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ ሊነዳ ነው፣ 469 ማይል። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 1845 ሜትር ነው። አስቡት፣ 1845። ወደ አዳማ አይደለም፣ ወደ ደብረ ዘይት ተጠግተናል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከ125 ትንሽ መውረድ ሊያስፈልግ ነው። ማንም ሳያየኝ 120 ገጠምኩ። 115 ደግሞ አራት ፍሬ በትንሽ ላስቲክ አሰርኩና የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ለዶክተሩ ስሸኘው ልሰጠው።

ጋሼ ሻያቸውን ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙ። ደረቴን አዩ።

"ኪስህ ውስጥ ምንድነው?"

"ምንም።"

"ስንት ቁጥር?"

ዝም አልኩ። ሻያቸውን ፉት አሉና ሄዱ።