እግር ብረቱ ለምን ወደ መጨረሻ ሄደ

እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ፣ አስጎብኚ ነኝ። ተማሪዎችን በእግር እያዞርኩ ከተማዋ ከባሪያ ንግድ ጋር የነበራትን ትስስር አሳያለሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የብሪስቶል መርከቦች የነሐስ ዕቃ፣ ጨርቅና ጠመንጃ ጭነው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዱ ነበር። እዚያ ዕቃውን በሰው ይለውጣሉ። ሰዎቹን አትላንቲክን አሻግረው ካሪቢያን ይሸጡና ስኳር ጭነው ይመለሳሉ።

ጉብኝታችን የሚጀምረው ሙዚየም ውስጥ ካለ እግር ብረት ነበር። እኔ ሳልቀጠር በፊት የተወሰነ ቅደም ተከተል ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ እግር ብረት ያየ ልጅ ወሬውን ያቆማል።

አንድ ቀን የ13 ዓመት ልጆች መጡ። የሚያስረዳው ባልደረባዬ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ልጆቹን እጠብቃለሁ። ብረቱ የማን እግር ላይ ይገባ እንደነበር ሲናገር ከፊት የቆሙት ዞር አሉ። ከመካከላቸው ጥቁሩ ልጅ አንድ ብቻ ነበር። ሁሉም እሱን አዩት። በክፋት አይደለም፤ የሰሙትን ነገር የሚያሳርፉበት ሰው ፈልገው ነው። ልጁ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ሆዴ ተላወሰ። እኔም ጥቁር ነኝ፤ እንደዚያ መታየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ባልደረባዬን ጠጋ ብዬ “ቀጣዩን እኔ ልያዘው” አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ እሺ አለ።

ቀጥታ ወደ ግሬት ጆርጅ ጎዳና ወሰድኳቸው። እዚያ በ1790 አካባቢ የተሠራ የጆን ፒኒ ቤት አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ጆርጂያን ሃውስ የሚባል ሙዚየም ነው። ፒኒ ኔቪስ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበረው። ቤቱ በጣም ያምራል። ምድር ቤቱ ውስጥ ሰውየው ቀዝቃዛ ውሃ የሚነከርበት ገንዳ ሳይቀር አለ። ልጆቹ ገንዳውን ከበው ቆሙ። “የዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ?” አልኳቸው። አንዷ “ከስኳር” አለች። ስኳሩን ማን እንዳመረተው ስጠይቅ ግን መልስ ጠፋ።

ከዚያ ስለ ፔሮ ነገርኳቸው። ፒኒ በ1765 ፔሮን ከሁለት እህቶቹ ጋር ገዛው። ፔሮ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። ኋላ ወደ ብሪስቶል አመጣው፤ አሽከሩም ሆኖ ኖረ። በ1798 ነጻ ሳይወጣ ሞተ። ፒኒ ደብዳቤና ሂሳብ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። መዝገቦቹ ዛሬም ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። ስለ ፔሮ ይህን ያህል ማወቅ የቻልነው ገዢው ስለጻፈ ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

አሁን የልጆቹ ዓይን ግድግዳውና ደረጃው ላይ ነው። ያን ልጅ የሚያየው የለም። ብዙም ሳይቆይ ራሱ እጁን አወጣ። ባርነት ሲቀር እንደ ፔሮ ላሉት ምን ተሰጣቸው ብሎ ጠየቀ። ምንም። በ1833 የወጣው ሕግ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበው ለባለቤቶቹ ነው። መንግሥት ለዚያ የተበደረው ገንዘብ ተከፍሎ ያለቀው ደግሞ በ2015 ነው። አስተማሪያቸው ክው አለች። እሷም ግብር ከፋይ ነበረቻ!

ወደ ወደቡ ስንወርድ ልጁ አጠገቤ መጣ። እኔ ከኢትዮጵያ መሆኔን ሰምቷል። እዚያስ ባርነት ነበር ወይ አለኝ። ነበር አልኩት። ሰው ይፈነገልና ይሸጥ ነበር፤ በቀይ ባሕር በኩል ወደ አረብ አገር የተጋዘውም ብዙ ነው። በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፣ በእኛ 1934 መሆኑ ነው። እኛም አገር ቤት በግልጽ የማናወራው ጉዳይ ነው፤ ይህንንም አልደበቅኩትም።

ወደቡ ላይ በ1999 የተከፈተ፣ በፔሮ ስም የተሰየመ ድልድይ አለ። በሰኔ 2020 ሰልፈኞች የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት ገንድሰው ውሃ ውስጥ የጣሉት እዚያው አጠገብ ነው። ኮልስተን በባሪያ ንግድ የከበረ ሰው ነው። ሐውልቱን ያቆሙለት በ1895፣ ከሞተ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አሁን ቀለም እንደተረጨበት ኤም ሼድ ሙዚየም ውስጥ ተጋድሟል።

በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ያየሁትን ነገርኩት። እሱ ከፊት ስለነበር የልጁን ፊት አላየም ነበር። ቅደም ተከተሉን ቀየርነው። አሁን መጀመሪያ የፒኒ ቤት ነው፤ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ ሐውልቱ። እግር ብረቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እዚያ ሲደርሱ ገዢውንም፣ የተገዛውንም በስም ያውቃሉ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። እሱ በእግር ብረት መጨረስ የለብንም ይላል። ሰቨን ስታርስ በሚባለው መጠጥ ቤት በር ላይ እንጨርስ ባይ ነው፤ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የታገለው እንግሊዛዊ ቶማስ ክላርክሰን በ1787 ስለ ንግዱ ከመርከበኞች መረጃ የሰበሰበው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ በባርነት የተያዙት ራሳቸው የታገሉት ይቅደም እላለሁ፤ በ1831 ጃማይካ ውስጥ በሳም ሻርፕ መሪነት የተነሳው አመፅ ለምሳሌ። ለጊዜው ሁለቱንም እንነግራቸዋለን።