ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን ገልብጡት

«ከፍዬ ብገላገል አይሻልም?»

ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከወዳጅ ዘመድ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የትራፊክ ቅጣት ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ፎቶው ሁልጊዜ የፊት ገጹ ብቻ ነው። የኔም የመጀመሪያ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጀርባውንም ላኩልኝ።

ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉም ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ግን ችሎት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሰማ የኖርኩት ነገር አለ። በትንንሽ ክስ ሰው በብዛት የሚጎዳው ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ሲል ሳያነብ ከፍሎ፣ ሳይጠይቅ አምኖ፣ ሳይገደድ ተናግሮ ነው። ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ንባብ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው።

እስቲ ወረቀቱን እንየው። ፊቱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ ተጣሰ የተባለው አንቀጽና የገንዘቡ መጠን አለ። ዓይን ቶሎ የሚሄደው ገንዘቡ ላይ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ አንቀጹን እዩ። «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር» እና «በአደገኛ ሁኔታ ማሽከርከር» ለሰሚው ያው ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው በብዙ አገር በገንዘብ የሚያልቅ ደንብ መተላለፍ ሲሆን ሁለተኛው ግን ፍርድ ቤት የሚያስቀርብ የወንጀል ክስ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ዋናው ነገር ተጽፏል፦ እስከ መቼ መቃወም እንደሚቻል፣ ለማን፣ በምን መንገድ፣ ቀኑ የሚቆጠረውስ ወረቀቱ ከተጻፈበት ነው ወይስ ከደረሳችሁበት። በፖስታ ቤት በኩል ከመጣ ፖስታውን አትጣሉት፤ መቼ እንደተላከ የሚመሰክርላችሁ ማኅተሙ ነው።

«ስሜን አሳስተው ጽፈውታልና ክሱ ይወድቃል» የሚሉኝም አሉ። ብዙ ጊዜ አይወድቅም። የአንድ ፊደል ስህተት ይታረምና ነገሩ ይቀጥላል። የሰሌዳ ቁጥሩ የሌላ መኪና ከሆነ፣ ወይም በተባለው ሰዓት መኪናው ሌላ ቦታ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ካላችሁ፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ያንን ዛሬውኑ ሰብስቡት። የካሜራ ምስል ለዘላለም አይቀመጥም፣ ምስክርም ይረሳል።

አሁን ወደ መክፈሉ። በብዙ ቦታ፣ ለምሳሌ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ቅጣቱን መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ነው። ገንዘቡ ወጥቶ አለቀ ማለት አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ይያዛል፣ ኢንሹራንስ ይጨምራል፣ በመንዳት ለሚተዳደር ሰው ደግሞ እንጀራው ነው የሚነካው። በእንግሊዝ በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የደረሰበት ሰው በመደበኛው ከመንዳት ይታገዳል፤ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ በ6 ነጥብ ብቻ ፈቃዱን ይነጠቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ነው?» ብቻ መሆን የለበትም። «ከዚህ በፊት ምን አለብኝ? ይሄ ሲጨመርስ የት ያደርሰኛል?» ነው መባል ያለበት። ይሄን አስባችሁ፣ ጥፋቱም እውነት ሆኖ፣ ጦሱም ትንሽ ከሆነ፣ እሺ ክፈሉ። መክፈልን አልቃወምም።

«ወረቀቱ ላይ ፈርሜያለሁ፣ አመንኩ ማለት ነው?» ይሄ ደግሞ ተቃራኒው ፍርሃት ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊርማው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ደርሶኛል፣ በቀጠሮው እቀርባለሁ ከማለት አያልፍም። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ አልፈርምም ማለት ነው ለመታሰር የሚያበቃው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ነገር ግን ይሄ ነው፦ የሌላ ሰው ነጥብ አትውሰዱ፣ የራሳችሁንም ለሌላ አትስጡ። በካሜራ የተያዘ ጥፋት ለመኪናው ባለቤት ይላካል፤ ባለቤቱም ማን ሲነዳ እንደነበር እንዲናገር ይጠየቃል። በእንግሊዝ ለዚህ 28 ቀን አለው፤ ካልመለሰ ዝምታው ራሱ ጥፋት ሆኖ 6 ነጥብ ያስይዛል። ታዲያ በየቤቱ «አንቺ ነጥብ የለብሽም፣ አንቺ ነበርሽ በይ» ይባላል። ክሪስ ሂውን የሚባለው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. በ2003 በፍጥነት ተያዘ፤ ነጥቡን የወሰደችው የዚያን ጊዜ ባለቤቱ ቪኪ ፕራይስ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ትዳሩ ፈረሰና ነገሩ አደባባይ ወጣ። በ2012 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ፣ በ2013 ሁለቱም ፍትሕን በማዛባት ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። መነሻው እኮ የፍጥነት ቅጣት ነው! በገንዘብና በነጥብ የሚያልቀው ነገር በውሸቱ ምክንያት ወህኒ አወረደ።

ሌላው የሚያሳዝነኝ «ለዚህ ለትንሽ ነገር መብት መጠየቅ ያሳፍራል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። አያሳፍርም። በሥራዬ ምክንያት በጣም የምወደው አንድ ፍርድ አለ። አብዱልባኪ ኦዝቱርክ የሚባል ጀርመን የሚኖር ቱርካዊ እ.ኤ.አ. በ1978 መኪናውን ከቆመ መኪና ጋር አጋጨ። ቅጣቱ 60 ማርክ ነበር። ተቃወመና ችሎት ቀረበ፣ አስተርጓሚም ተመደበለት። ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ተቃውሞውን ተወ። ከዚያ የአስተርጓሚው ሒሳብ መጣበት፤ 63 ማርክ ከ90 ሳንቲም። አስተርጓሚው ከቅጣቱ በለጠ ማለት ነው። አልከፍልም ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩ ስትራስቡርግ እስከሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ጀርመን ደግሞ «ይሄ ወንጀል አይደለም፣ ተራ የደንብ ጥሰት ነው፣ የወንጀል ተከሳሽ መብት እዚህ አይሠራም» አለች። ፍርድ ቤቱ በ1984 አልተቀበላትም። ስሙን ደንብ ብትሉትም ቅጣት እስከሆነ ድረስ ተከሳሹ የፍትሐዊ ችሎት መብት አለው፣ አስተርጓሚም በነፃ ይገባዋል አለ። በ1966 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14ም በወንጀል የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ ካልተረዳ ነፃ አስተርጓሚ ይገባዋል ይላል። ስለዚህ ቋንቋው በደንብ ካልገባችሁ «ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» ብላችሁ አትግደርደሩ። ዳኛው ፊት ገባኝ ማለት ቀላል ነው፤ በኋላ አልገባኝም ነበር ማለት ግን ዳገት ነው።

ወደ ንግግር ልምጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፣ ለመንገድ ዳር ጨዋታ የተተረተ ነው የሚመስለው። ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» ይላል። ሰውዬው በትሕትና «አዎ፣ ትንሽ ፈጥኜ ነበር፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ለማውጣት ቸኩዬ» ይላል። አለቀ። ከፍርድ ቤቱ በፊት ራሱን ፈርዶበታል። ብዙዎች ፊልም አይተው «ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቴን ስላላነበበልኝ አይያዝብኝም» ይላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ተራ የትራፊክ ማስቆም እንደ እስር አይቆጠርም ብሏል፤ ስለዚህ ፖሊሱ መብታችሁን ሳያነብ መንገድ ዳር የተናገራችሁት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲጠየቅ ስጡ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ አትሳደቡ፣ አትከራከሩ። ከዚያ ያለፈውን ታሪክ ግን ማንም ንገረኝ ስላለ ብቻ መዘርገፍ ግዴታ አይደለም።

ዝም አይነቅዝም፣ እውነት ነው። ግን ዝምታም ሥርዓት አለው። እዚያው አሜሪካ በ2010 የተሰጠ ፍርድ እንደሚለው በምርመራ ላይ ያለ ሰው ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ ብሎ በአፉ መናገር አለበት፤ እንዲሁ ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም። በእንግሊዝ ደግሞ በምርመራ ጊዜ ያልተናገራችሁትን መከላከያ ችሎት ላይ ስታመጡት «ያኔ ለምን አልተናገርክም?» ተብሎ ሊመዘንባችሁ ይችላል። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ቃል ስጡ ከተባላችሁ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ። ዝም ልበል ወይስ ልናገር የሚለውን የሚመልስላችሁ እሱ ነው።

አነስተኛ የወንጀል ክስ ላይም ያው በሽታ ነው ያለው። ከሱቅ ትንሽ ዕቃ ማንሳት፣ በጠብ መሃል ጥፊ፣ ስድብ፣ የሰው መስታወት መስበር። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ በገንዘብ ይለቁሃል» ይባላል፣ ሊለቁትም ይችላሉ። ግን የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ሲባል፣ «አዎ፣ ነኝ» ያለ ሰው የወንጀል ሪከርድ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሥራ ሲያመለክት፣ ቤት ሲከራይ፣ ሞግዚትነት ሊቀጠር ሲል ይወጣበታል። ዜግነት ሳይኖረው በሰው አገር ለሚኖር ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ሆዜ ፓዲያ አሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ መንገድ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ክሱ ከበድ ያለ የማሪዋና ክስ ቢሆንም ስህተቱ ለሁላችንም ትምህርት ነው፦ ጠበቃው ይሄን ያህል ኖረሃልና አትስጋ አለው፣ አመነ፣ የመባረር አደጋ ውስጥ ገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጠበቃ ለደንበኛው ማመን ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ማስረዳት ግዴታው ነው አለ። ስለዚህ ጠበቃችሁ ባያነሳም እናንተ ጠይቁ፦ «ይሄን ባምን መኖሪያ ፈቃዴ ምን ይሆናል?»

«ከሳሹ ታርቆኛል፣ ክሱም ተነሳ» ብሎ ቀጠሮ የቀረ ሰውም አውቃለሁ። እርቁ እውነት ነበር። ክሱ ግን በብዙ አገር አንዴ ዓቃቤ ሕግ እጅ ከገባ የግል ተበዳዩ ስለተወው ብቻ አይዘጋም። እንዲያውም በዋስ ስትለቀቁ «ከተበዳዩ ጋር አትገናኝ» የሚል ግዴታ ካለ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ መደወል ራሱ ዋስትናውን ሊያስነሳ ይችላል። እርቅ ጥሩ ነው፣ በጠበቃ በኩል ይሁን።

ቀጠሮ መቅረት ከሁሉም የከፋው ነው። ትንሽ የነበረው ነገር የመያዣ ትእዛዝ ይሆናል፣ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፣ አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ስትቆሙ ስማችሁ ሲስተም ላይ ይወጣል። ብዙው የሚቀረው በክፋት አይደለም፤ ቤት ቀይሮ አድራሻ ሳያስመዘግብ መጥሪያው አሮጌው ቤት ይሄዳል። አድራሻችሁን አሳውቁ። ቀኑ ካለፈም ተደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ጠበቃ ማግኘት ከቻላችሁ በእሱ በኩል፣ ካልቻላችሁ ራሳችሁ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ደውላችሁ እንዴት መቅረብ እንደምትችሉ ጠይቁ። በራሱ እግር የመጣን ሰውና ተይዞ የመጣን ሰው ዳኞች እኩል አያዩም። ስትደውሉ የመዝገብ ቁጥሩን አጠገባችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።