ቡላ ያላናፋበት ጠዋት

የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውኃ ሳይሆን አሸዋ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ላይ ፎቅ ይሠራ የነበረ አንድ ሳይት ከዚያው አሸዋ የሚያመላልሱለት አራት ባለጋሪዎች ነበሩት። ከአራቱ አንዱ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ አህያቸውን በመልኩ «ቡላ» ይሉታል። ጠዋት ፉርሽካ በጣሳ ይዘው ሲመጡ ጣሳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ቡላ ገና ሳያያቸው ያናፋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

አንድ ጠዋት ጣሳው ተመታ፣ ቡላ ዝም አለ። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ፉርሽካውን አሸተተና ተወው። አልወደቀም፣ አልተንከባለለም፣ አላላበውም። ሽማግሌው ጋሪውን ሳይጠምዱ በእግራቸው ሳይቱ ድረስ መጥተው «ዛሬ አልሠራም» አሉ።

የኮንክሪት ሙሌት ቀን ስለነበር ፎርማኑ ተቆጣ። «አቦ ጋሼ፣ አህያ ደግሞ መቼ ነው ሥራ አምሮት የሚያውቀው? ይጥመዱት፣ ሲሄድ ይፍታታል!»

«አላናፋም እኮ» አሉ ሽማግሌው። ሌላ የሚያስረዱበት ነገር አልነበራቸውም።

አንዱ የቀን ሠራተኛ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ አካፋውን አነሳ። ሌሎቹ ሳቁ።

ሽማግሌው ግን ልክ ነበሩ። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ መሬት በኮቴው ይጭራል፣ ዞሮ ዞሮ ጎኑን ያያል። አህያ ሕመሙን ውጦ ይቆማል፤ መንከባለል ከጀመረ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ከዚያ በፊት የሚታየው ምልክት የለመደውን ነገር መተዉ ብቻ ነው። ያልበላ፣ ያላናፋ፣ ጆሮውን ያላዞረ አህያ «ሰነፈ» ተብሎ የሚጫነው፣ የዘወትር ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሲጠፋ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ እንደ መጣ በመጀመሪያ የጠረጠረው ጭነቱን ነበር። 1 ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,600 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ጎርፍ ያረጠበው ደግሞ ወደ 2,000 ይጠጋል። ሳይቱ የሚከፍለው በጋሪ ቁጥር ስለሆነ እርጥቡም ደረቁም እኩል ይጫን ነበር። 150 ኪሎ የሚመዝን አህያ በሜዳ መንገድ የጋሪው ክብደት ተደምሮ ከ300 ኪሎ በላይ ባይጎትት ይመረጣል፤ ሩብ ሜትር ኩብ አሸዋ እንኳ ይበዛበታል ማለት ነው። የቡላ ደረትና ጀርባ ላይ ግን የጠፍር ቁስል አልነበረም። ኮቴውም ደህና ነው።

ከዚያ መንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር ዳብሶ የልቡን ምት ቆጠረ። 68 ሆነ፤ ያረፈ አህያ በደቂቃ ከ36 እስከ 52 ነው። ድዱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለቀቀ፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መቅላት ሲገባው ዘገየ። ከጎድን አጥንቱ ኋላ በግራም በቀኝም ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። የጤነኛ አህያ ሆድ በየጊዜው ይጮኻል፣ የቡላ ጸጥ ብሏል። ያደረበት ጥግ ሲታይ የሌሊት ፋንድያ አልነበረም። አጥሩ አንድ ቦታ ተገንጥሏል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሠፈሩ ገራባ፣ የጫት ትርፍራፊ፣ የሚጥልበት ቦታ አለ።

ነገሩ እዚያ ላይ ተፈታ። ጫቱ የተያዘበት ፌስታል ከነገራባው ይጣላል። ቅጠሉ ስለሚጣበቅበትና ጠረኑ ስለሚይዘው ፍየሉም አህያውም አንድ ላይ ይውጠዋል። ፌስታል ግን ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ከገራባው ጋር ይጠቀለልና አንጀት ይዘጋል።

በዚህ መሃል አንድ ጎረቤት ዘይት በጠርሙስ ይዞ ደረሰ። ከደግነት ነው፣ ግን አህያን ሊገድል ይችላል። በጠርሙስ የሚጋት ዘይት በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሆድ ድርቀቱ የተረፈው በሳንባ ምች ይሄዳል። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ወጋው፤ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ፣ ጫፉ ጨጓራ መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ፓራፊን፣ አንጀት የሚያለሰልስ ዘይት፣ ለብ ካለ ውኃ ጋር አወረደለት። ፉርሽካ ተከለከለ፤ ውኃ አጠገቡ ተቀመጠ። ፌስታሉ ተቋጥሮ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶት ቢሆን ፓራፊንም አያወጣውም ነበር።

ሐኪሙ ሲሄድ አጥብቆ የተናገረው ስለ አብሮ አደሯ ነው። ቡላ ከአንዲት አሮጊት አህያ ጋር ነው የሚያድረው። ምግብ ያቆመ አህያ ሰውነቱ የራሱን ስብ ወደ ደም መልቀቅ ይጀምራል፤ ስቡ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ይህም ብቻውን ይገድላል። ጭንቀት ያባብሰዋል፤ ከጓደኛ መለየት ደግሞ ለአህያ ትልቅ ጭንቀት ነው። «ለሕክምና ይመቻል ብለው እንዳይነጥሏቸው ጋሼ» አላቸው። ሽማግሌው አሮጊቷን አጠገቡ አስረው ራሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበው እዚያው አደሩ።

በማግሥቱ ከሰዓት ፋንድያ ወረደ፤ ጥቂት ነው፣ ጠጠር ያለ፣ በፓራፊኑ የሚያብለጨልጭ። መሃሉ ላይ ስንዝር የሚያህል የተጠማዘዘ ጥቁር ፌስታል ነበር፤ የገራባ እንጨት እንደ ገመድ ተጠምጥሞበታል። ሽማግሌው አጥበው ሳይቱ ድረስ ወሰዱና ፎርማኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ፎርማኑ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርጥብ አሸዋ የጫነ ጋሪ ግማሽ ጭኖ እንደ ሙሉ ይቆጠርለት ጀመር።

ቡላ ጋሪ ሳይነካ አምስት ቀን አረፈ። መጀመሪያ እፍኝ እፍኝ እርጥብ ሣር ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ማታ ማታ ሣሩን እያጨደ የሚያመጣው ያ ተረት የተረተው ልጅ ነው። አጥሩም በቆርቆሮ ተደፈነ።

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌው ጋሪያቸውን እየነዱ ሲደርሱ፣ ፎርማኑ የመቁጠሪያ ደብተሩን ሳይከፍት «ጋሼ፣ አናፋ?» አላቸው።

«ሠፈሩን ቀሰቀሰው» አሉ።