ሁለት ስኒ ተኩል ዘይት

ሰውየው ጋራዡ በር ላይ ሲቆም አንዱን ጓንት አውልቆ መዳፉን እያራገበ ነበር። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሊቃጠል ነው መሰለኝ" አለኝ። የጠቆመኝ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማ መሃል ነው።

ቦታው ኮምቦልቻ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሰውየው ላሊበላ ከርሞ፣ ደሴ አድሮ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ነው። ሞተሩ ባለ 1200 ሲሲ ቢ ኤም ደብሊው ነው። ግራና ቀኙ በሻንጣ ተሞልቷል።

ያን ጊዜ ጋራዥ ከገባሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነበር። አይሱዙ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ባለ ካቴና ሞተር ሁሉ በእጄ አልፏል። ይሄኛው ግን ካቴና የለውም። ጉልበቱ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው በሻፍት፣ በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ቢ ኤም ደብሊው በ1923 እ.ኤ.አ. በስሙ ባወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል ላይም ነበረ። እኛ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ሞተር በዓመት አንዴ ቢያልፍ ነው።

ሻፍቱ ጎማው ጋ ሲደርስ አንድ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ ትንሿ ጥርስ፣ ፒኞኗ፣ ትልቁን ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ታዞራለች። በዚህ መንገድ የሻፍቱ ዙር ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ የጎማ ዙር ይሆናል። እኛ ዲፍረንሻል እንለዋለን። በትክክል ከተነገረ ግን ዲፍረንሻል አይደለም። ዲፍረንሻል ለሁለት ጎማ ያካፍላል፤ ይሄ የሚያዞረው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ስሙን ከመኪና መውሰዳችን ብቻውን ችግር አልነበረም። እኔ ግን ከስሙ ጋር የመኪናውን ደንብም ይዤ መጣሁ።

ቤቱን ዳሰስኩት። እጄን ወዲያው አነሳሁ። "ዘይት ጨርሷል" አልኩት። አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኩትም። ከላይ ያለውን ቀዳዳ ፈትቼ ጣቴን ከተትኩ። ዘይት አልነካኝም። በመኪና ዲፍረንሻል ጣትህ ዘይት ካልነካ ጎድሏል ማለት ነው፤ በቀዳዳው አፍ እስኪፈስ ትሞላዋለህ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ደግሞ የጭነት መኪና ዘይት፣ ወፍራሙ 140 ነው። እስከ አፉ ሞላሁት። ብሎኑን አጠበቅኩና "አብሽር፣ አሁን ይቀዘቅዛል" አልኩት። ሒሳቤን ተቀበልኩ። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየም፤ ስልክ ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከሚሴ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው አንድ መታጠፊያ ላይ ኋላው ተንሸራተተበት። አልወደቀም። ወርዶ ሲያይ ቸርኬው በዘይት ታጥቧል፣ የጎማው ጠርዝም ርሷል። "መንገድ ዳር ቆሜያለሁ" አለኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ሰው ነፍሱን ሁለት ጎማ ላይ አስቀምጦ በእጄ ሥራ ተማምኖ ሄዷል። እኔ ደግሞ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ነው አብሽር ያልኩት።

የጋራዡን ሽማግሌ ቀሰቀስኳቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ወጣት ሳሉ በአሰብ መስመር ጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። የጎረቤት ፒካፕ ለምነን ተነሳን። እስከ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባባ ሐርቡን እስክናልፍ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ።

"ከየት ነው የመጣው?"

"ከደሴ።"

"ሐረጎን እንዴት ወረደ? በማርሽ ነው ወይስ በፍሬን?"

"አልጠየቅኩትም፣ አባባ።"

"ዘይቱ ስንት ይይዛል?"

"እስኪሞላ ነው የጨመርኩት።"

አልተቆጡኝም። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰውየውን ዛፍ ጥላ ሥር አገኘነው። አባባ ሰላምታቸውን ጨርሰው፣ ከአደጋ ስለተረፈ አላህን አመስግነው፣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሐረጎ ነው። ሰውየው ሳይደብቅ ነገራቸው። ሞተሩን ከገዛው ገና ሁለት ወሩ ነው። ቁልቁለት ያስፈራዋል። ስለዚህ ቀኝ እግሩን ከኋላ ፍሬን ፔዳል ላይ ሳያነሳ፣ ከፍ ባለ ማርሽ፣ እየያዘ እየለቀቀ ነው የወረደው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ የነገሩ ዋና ቦታ ይሄ ነውና። ሞተሩ፣ ሰውየውና ሻንጣው ተደምረው 350 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ያን ሁሉ ክብደት ከዚያ ከፍታ ስታወርደው 2 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ስድስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ብትወርድ ኢንጂኑ ብዙውን ይይዝልሃል። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ "ዳገት በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ" የሚሉን ለዚህ ነው። በኋላ ፍሬን ብቻ ከወረድክ ግን አብዛኛው ሙቀት አንድ የብረት ዲስክ ላይ ያርፋል። በዚህ ሞተር ላይ ያ ዲስክ ያለው ከጥርሱ ቤት አጠገብ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀት ፈጥኖ ይቀበላል።

በዚያ ላይ ቤቱ በጤናውም ይሞቃል። ጥርስ በጥርስ ላይ ሲንሸራተት ከጉልበቱ ጥቂቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ረጅም መንገድ ሄዶ የቆመ ሞተር ቤቱ 60 ወይም 70 ዲግሪ ቢሆን ብልሽት አይደለም። የሰው መዳፍ ደግሞ 60 ዲግሪ የሆነ ብረት ላይ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይቆይም። እጄ "አቃጠለኝ" ስላለኝ ብቻ በሽታ አለበት ብዬ ፈረድኩ።

ታዲያ የእኔ ዘይት ምን አደረገ? ከመጠን በላይ የሞላ ቤት ውስጥ ኮሮናው በዘይቱ ላይ ብቻ አይነካካም፤ ዘይቱን ይቀዝፈዋል። 140 ሲሆን ደግሞ ወፍራም ነው፣ መቅዘፉ ይከብዳል። የሚባክነው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ ሲሞቅ ያብጣል። ከላይ የቀረችው ትንሽ አየርም ታብጣለች። መውጫ ስታጣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ቀለበት፣ ኦይል ሲሉን፣ ገፍታ በጎማው በኩል ትወጣለች። አቀዘቅዛለሁ ብዬ አሞቅኩት፤ ከዚያም አልፌ ዘይቱን ወደ ጎማው ላክኩት።

አባባ ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አስቆሙት። ማርሹን ባዶ አድርገው ጎማውን በእጃቸው አዞሩ። በነፃ ዞረ፤ ፍሬኑ አልያዘም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙ፣ ቀጥሎ ከፊትና ከኋላ። ምንም ክፍተት የለም፤ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ደህና ነው። ዲስኩን በነጭ ጨርቅ ጠረጉት። ጨርቁ ንፁህ ሆኖ ወጣ። ዘይቱ ፍሬኑ ላይ አልደረሰም። ትንፋሼ የተመለሰው ያኔ ነው።

ከታች ያለውን ብሎን ስንፈታ ዘይቱ ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ። መጨረሻው ላይ አባባ ጠብታውን በጣታቸው አሽተው ወደ ፀሐይ አዞሩት። የብረት ብልጭታ የለውም። ጫፉ ማግኔት የሆነው ብሎን ላይ ያለችው ግራጫ ቅባት እንደ ዱቄት ደቃቅ ናት። "ይህቺ ያለች ናት። ቅርፊት ብታገኝ ነበር የምትፈራው" አሉኝ።

አሁን ምን ያህል እንሙላ? መጽሐፍ የለንም። ሰውየውን ጠየቅኩት፤ መጀመሪያ ላይ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ማለት ነው። ትንሽ አሰበና ሻንጣውን ከፈተ። ከካልሲና ከዝናብ ልብስ ሥር አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ሞተሩን የሸጠለት ሰው አብሮ የሰጠው ነው። 75ደብሊው-90 የጥርስ ዘይት። ጎኑ ላይ በማርከር እንዲህ ተጽፏል፦ "የኋላ፣ 180 ሚሊ።"

180 ሚሊ ሊትር። ሁለት ስኒ ቡና ተኩል ቢሆን ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ያቺን ብቻ ነው። በላይኛው ቀዳዳ ጣቴ ዘይት ያልነካው ጎድሎ አይደለም፤ ትክክለኛው ልክ ከቀዳዳው በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። እዚያ ሞተር ላይ ቀዳዳው መሙያ እንጂ መለኪያ አይደለም። መልሱ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ሻንጣ ውስጥ ነበረ። "ይሄንን ለምን አላሳየኸኝም?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። "ጨርሷል" ብዬ በእርግጠኝነት ስናገር እሱ ምን ብሎ ያሳየኝ? ባለሙያው እኔ ነበርኩ።

ከከሚሴ ፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ገዝተን ለክተን ሞላን። ውስጥ የቀረው 140 ሁሉ እንዲወጣ መጀመሪያ በጥቂቱ አጥበን ደፋነው። ጎማውንና ቸርኬውን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩ። መሸ። ሰውየው እዚያው አደረ፣ እኛም ፒካፑ ውስጥ አደርን። የተቀበልኩትን ብር ስመልስለት አልቀበልም ብሎ ታገለ። አባባ "ተቀበለው፣ ልጁ ይተኛበት" አሉት። ተቀበለ።

ጠዋት ወደ ሐርቡ አቅጣጫ 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ እንዲመለስ ነገርነው። የኋላ ፍሬኑን ካልቸገረ በቀር እንዳይነካ፣ ቁልቁለት ሲሆን ማርሽ እንዲቀንስ። ተመለሰ። ቤቱን ዳሰስኩት። ሞቋል፤ ግን መዳፌን አስቀምጬ እስከ አምስት ቆጠርኩ። በኦይል ሲሉ ዙሪያ ያስቀመጥኩት ወረቀት ደረቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ግድግዳ ላይ አንድ ሲሪንጅ ተሰቅሏል። ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ በጨረር የምትለካ ቴርሞሜትር ሲያመጣልኝ ደግሞ ይሄ የሙቀት ነገር ከግምት ወጣልኝ። ቢሆንም ቴርሞሜትሯን ከኪሴ የማወጣው ሰውየው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደወረደ ከነገረኝ በኋላ ነው። ሐረጎን በፍሬን የወረደ ሁሉ ይሞቃል። ግማሽ ሰዓት አቆመዋለሁ፣ ቡና እንጠጣለን፣ እንደገና እለካለሁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ሥራ የለውም።

ሰውየው በዚያው ቀን ማታ ደወለልኝ። ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ደርሷል። ብርድ ነው አለኝ። "ቆሜ ዳሰስኩት" አለ፣ "እንደ አንተ እየቆጠርኩ።"

"እስከ ስንት?"

"ቁጥሩ ጠፋኝ። እጄን ማሞቂያ አድርጌው ነበር።"