በተከራዬ በር ላይ የደረብኩት ቁልፍ

ደሴ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። አንዷ አከራዬ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን የግቢውን መብራት ከቆጣሪው ታጠፋ ነበር። የተማሪ ፈተና በሻማ አርሜያለሁ። «ቤት ኖሮኝ ባከራይ እንዲህ አላደርግም» እያልኩ ስንት ጊዜ ምያለሁ መሰላችሁ። ማከራየት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከእሷ የባሰ ነገር አደረግሁ።

እናቴ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ግቢ ትታልን ነበር። ከፊት ያለው ቤት ውስጥ አክስቴ ትኖራለች። ጓሮው የጎመን መደብና ሁለት የሎሚ ዛፍ ነበር። በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ነገሩ ተለወጠ። ከየወረዳው የመጡ ልጆች ቤት ፍለጋ በር ማንኳኳት ጀመሩ። አክስቴ ደወለችልኝ። «ኧረ ልጄ፣ ይኼ ጎመን ምን ያደርግልናል?»

እቁብ ደረሰኝ። ከመምህራን ብድርና ቁጠባም ተበደርኩ። የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት ብቻ ሁለት ወር ማዘጋጃ ቤት ተመላለስኩ። ከዚያ አራት ሰርቪስ ክፍል ተሠራ፤ ሦስት በአራት፣ ብሎኬት ግድግዳ፣ ሊሾ ወለል፣ ከኋላ አንድ ሽንት ቤት። ጠቅላላ 210,000 ብር ወጣብኝ።

ክፍሉን በ700 ብር ባከራይ በወር 2,800፣ በዓመት 33,600 ብር ይመጣል። ስድስት ዓመት ከሩብ ሲሆን ገንዘቤ ይመለሳል። ደብተሬ ላይ ሁለቴ አሰመርኩበት። በጣም ደስ የሚል ስሌት ነበር። ክፍል ባዶ የሚቀመጥበት ወር የለበትም። ግብር የለበትም። የሽንት ቤት ማስመጠጫ የለበትም። ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ ዓመቱን በ12 ወር ሳይሆን በ10 ወር አስላው እላለሁ። በ10 ወር ሲሰላ የእኔው ሰባት ዓመት ተኩል ይሆናል፤ ያውም ምንም ወጪ ሳይነካው።

የመጀመሪያው ጠብ የመጣው በመብራት ነው። ለአራቱም ክፍል አንድ ቆጣሪ ነበር። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ የሚልበት ነው። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሰካ ሁሉም ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል። እኔ ሂሳቡን ለአራት አካፍዬ «በቃ፣ እኩል» አልኩ። አንዷ ተከራዬ ለካ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። ጎረቤቷ ያለው አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ነው። እኩል ክፈሉ ማለቴ እንዴት ያለ ድፍረት እንደነበር የገባኝ ልጁ ቻርጀሩን ይዞ አክስቴ በረንዳ ላይ ሲመጣ ነው። «እማማ፣ ይቺ ናት ሦስት መቶ ብር የበላችው?»

ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገባሁ። በየወሩ መጀመሪያ አክስቴ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ሂሳቡ የሚከፈለው በንባቡ ልክ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ትንሽ አኮረፈች፤ የራሷን ልክ መክፈል ከጀመረች በኋላ ግን ከማንም ጋር ተጨቃጭቃ አታውቅም። ውሃውን በሰው ቁጥር አደረግነው። እሱም ፍጹም አይደለም፤ ግን ሁሉም የተስማማበት ነው።

የሰው ቁጥር ስል ሌላ ነገር መጣ። አንዱን ክፍል ለሁለት ልጆች አከራየሁ። ፓርኩ ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። ከወር በኋላ ስመጣ አራት ሆነዋል። ብናደድም ብዙ መናገር አልቻልኩም፤ ደመወዛቸው ከክፍሌ ኪራይ ብዙም አይርቅም ነበር። አንድ ላይ ካልሆኑ አይኖሩም። ግን ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ ጉድጓዱም ተስፋ ካደረግሁት በግማሽ ጊዜ ሞላ። በመጨረሻ አራቱም ይቀመጡ፣ ከዚያ በላይ ግን አንድም ሰው አይጨመር ተባባልን። ስማቸው ውሉ ላይ ገባ። ለአዳሪ እንግዳ ሦስት ቀን ፈቀድኩ። ይኼንን ከመጀመሪያው ብጽፈው ኖሮ ያን ቀን በልጆቹ ላይ ባልጮህኩ ነበር።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። ባልተርከው ደስ ይለኝ ነበር።

አራተኛው ክፍል ውስጥ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር ነው። ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ቀን ሳያዛንፍ ከፈለ። ኪራዩ በዚያ ጊዜ 900 ብር ደርሷል። ከዚያ አንድ ወር ዘለለ። «ቲቸር፣ ጭነት የለም፣ አብሽሪ» አለኝ። አበሸርኩ። ሁለተኛው ወር መኪናው ጋራዥ ገባ። በሦስተኛው ስልክ ማንሳት ተወ። አክስቴ «ማታ መጥቶ ሌሊት ይወጣል» አለችኝ። አራት ወር ሞላው፤ 3,600 ብር።

ቅዳሜ ከደሴ ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወርድ ንዴቴ እየባሰ ሄደ። ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱም ተጨመረበት። መነኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ጓጉንቸር ገዛሁና በሩ ላይ ደረብኩበት። ማንንም አላማከርኩም። አክስቴ በረንዳ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ተይ» አለች። አልሰማኋትም።

ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ደጋግሞ ጠራ። ሾፌሩ ፖሊስ ጋ ሄዷል። ልብሱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ «20,000 ብርም» ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበታል። 20,000 ብር የነበረው ሰው ለምን 3,600 አልከፈለም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን አለመኖሩን በምን ላስረዳ? የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ያለው የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጠበቃ ነው፤ ደወልኩለት። ስቆ አላባራም። ከዚያ ኮስተር አለ። ተከራይ ገንዘብ ባይከፍልም ቤቱ በይዞታው ሥር ነው። አከራይ በጉልበት ቢቆልፍበት ወይም ዕቃውን ቢያወጣበት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ የሚያየው ማን ያዘው፣ ማን አወከው የሚለውን ነው። ቤቱ የእኔ መሆኑ ብቻውን አያድነኝም። የእኔ መንገድ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ ቀን መስጠት፣ ካልሆነ ውዝፉን ከመልቀቁ ጋር በክስ መጠየቅ ነበር። «ውሉን ላኪልኝ» አለ። የምን ውል? በቃል ነው ያከራየሁት።

የዚያኑ ቀን ማታ ወርጄ ከፈትኩለት። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። የእድሩ ዳኛና ሁለት ጎረቤት አክስቴ ቤት ተቀመጡ። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ስምምነት ላይ ደረስን። እሱ በአሥር ቀን ይለቃል፤ እኔ ውዝፉን እተዋለሁ፤ እሱም ስለ 20,000ው ዳግመኛ አያነሳም። የእድሩ ዳኛ ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል። ሾፌሩ በዘጠነኛው ቀን ለቀቀ። ወለሉን ጠርጎ ነው የሄደው።

3,600 ብር ከሰርኩ። ክስ ብሄድ ለጠበቃና ለምልልስ ከዚያ በላይ አወጣ ነበር። ስለዚህ ሒሳቡ አላስቆጨኝም። ያስቆጨኝ ነገሩ እስከ አራት ወር ሲደርስ ዝም ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ወር ሲዘለል ቁጭ ብለን ብንነጋገር ምናልባት በሁለት ከፍሎ ይጨርስ ነበር። አሁን ኪራይ አምስት ቀን ካለፈ እደውላለሁ። አሥራ አምስት ቀን ካለፈ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ አንዱን ቅጂ አስፈርሜ አስቀራለሁ። ተከራዮቼ እንደ ንዝንዝ ሲያዩት ቆይተው ለምደውታል።

ውሌም ተለወጠ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ቆጣሪው ሲረከቡት ስንት ላይ እንደነበር፣ የግድግዳውና የበሩ ሁኔታ ይጻፋል። ሦስት ምስክር ይፈርማል። ኪራይ በእጅ አልቀበልም፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ነው። አክስቴ መጀመሪያ ላይ ብሩን በእጇ ሳትቆጥር ተከፈለ ማለት አቅቷት ነበር።

በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አዋጁ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ በክልል ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይሁን ይላል። ብዙ አከራይ ጓደኞቼ ተንጫጩ። እኔ ያን ያህል አልከፋኝም። ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ተከራይ ማለት ሁለት ዓመት ለደላላ የማልከፍልበት፣ ቀለም የማልቀባበት፣ ክፍሉ ባዶ የማይቀመጥበት ጊዜ ነው። በኪራይ ጭማሪ ላይ የጣለው ገደብ ግን ለአከራይ ይከብዳል፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ማንንም አይጠብቅም።

ስለ ጥገና አንድ ነገር ልጨምር፤ አከራይም ተከራይም የማያውቀው ነውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሉ ዝም ካለ የበር፣ የመስኮት፣ የቧንቧና የሽንት ቤት ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው ይላል፤ በእርጅና የመጣ ካልሆነ። ሕጉ ከእኔ ጎን ነው ማለት ነው። እኔ ግን ቧንቧውን ራሴ አሠራለሁ። የምታንጠባጥብ ቧንቧ ተከራዩ እስኪያሠራት ከተጠበቀ ግድግዳዬን ትበላለች።

ትልቁ ስህተቴ ግን ከተከራይ ጋር የሚያያዝ አይደለም። የአራቱም ክፍል ኪራይ የተንጠለጠለው በአንድ ነገር፣ በፓርኩ ሥራ ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ተከራዮቼ በአንድ ሌሊት ተበተኑ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲረጋጋ ወረድኩ። ሁለት በር ተገንጥሏል፣ ቆጣሪዎቹ ተነቅለዋል፣ የልጆቹ ፍራሽ እንኳ የለም። የእነዚያን ወራት ኪራይ አልጠየቅኩም። ማን ይጠይቃል? ፓርኩ እንደገና ይከፈታል ብዬ በሮቹን አሠራሁ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል አስወጣች። ልብስ ሰፍቶ ወደዚያ የሚልክ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ። ስድስት ወር ሙሉ ሁለት ክፍል ባዶ ተቀመጠ። ብድሩ ግን ከደመወዜ መቆረጡን አላቆመም።

ከዚያ ወዲህ አደባለቅኩ። አንዱ ክፍል ለቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች ነው፤ ክረምት ሲመጣ ይለቃሉ፣ እሱን አስቀድሜ አስቤ ነው። አንዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነች። አንዱ ውስጥ እንጀራ ጋጋሪዋ አለች፤ ከሁሉም የቆየችው እሷ ናት። ለአክስቴም ከኪራዩ ከመቶ አሥር መክፈል ጀመርኩ። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ደላላ ነኝ?» ግን በር የምትከፍተው፣ ጠብ የምትገላግለው፣ ቆጣሪ የምታነበው እሷ ናት። ያ ሥራ ነው፤ የማይከፈልበት ከሆነ ደግሞ ትርፌ ውሸት ነው።

ሰዎች «ሁለተኛ ቤት መቼ ነው?» ይሉኛል። ደሴ ላይ አንድ ኮንዶሚኒየም አይቼ ነበር። በ10 ወር አሰላሁት። ተውኩት።

ባለፈው ወር አራተኛው ክፍል ተለቀቀ። ቅዳሜ አንዲት ሴት ልታየው መጣች። በደንብ ለብሳለች፤ መጀመሪያ አላወቅኳትም። ከእነዚያ አራት ልጆች አንዷ ነች። ፓርኩ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ሆናለች፣ ብቻዋን ልትኖር ነው። ውሉን መስመር በመስመር አነበበችው። «ሽንት ቤቱ አሁንም አንድ ነው?» አለች፤ ሁለት ነው አልኳት። ፈረመች። ቁልፉን ስሰጣት ወደ በሩ አልሄደችም። ከእኔ ቀድማ ቆጣሪውን ፎቶ አነሳችው።