አበባ ብዬ ጻፍኩ፣ አበበ ብለው አነበቡት

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ዲሲ ያላችሁ፣ ቤሩትና ዱባይ በዓሉን በሥራ የምታሳልፉ፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ፣ በዓመት አንዴ ለእንቁጣጣሽ ብቻ ላይክ አድርጋችሁ የምትጠፉትም ጭምር፣ ሁላችሁንም እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ዘንድሮ መልእክቴ ረዘም ይላል፣ ቡና ከቀረበ በኋላ አንብቡት።

እንደምታውቁት እኔ ያለሁት ቶኪዮ ምሥራቅ ዳር፣ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው። ጃፓን ላለ ሐበሻ ይሄ ሰፈር በቃ መንደሩ ማለት ነው፣ ባቡር ጣቢያው ጋ ቆመህ ሰው እያማህ በስልክ ብታወራ ከኋላህ ያለው ሰው ሁሉንም ሰምቶ ሊያልፍህ ይችላል (ደርሶብኛል)። እና ባለፈው ቅዳሜና እሁድ፣ ጳጉሜ 1 እና 2፣ የሰፈሩ ማትሱሪ ነበር። ማትሱሪ በዓል ማለት ነው፣ የኛ መስከረም ሲቃረብ ብዙ ሰፈር የመቅደሱን በዓል ያከብራል፣ ፋኖስ ይሰቀላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ያኪሶባው (የጃፓን ጥብስ ኑድል) በትልቅ የብረት ምጣድ ላይ ይገለባበጣል፣ ሕፃናት ውሃ ሲነካው በሚቀደድ የወረቀት ጭልፋ ትንንሽ ቀይ ዓሣ ለመያዝ ይታገላሉ። ለኛም ጥግ ላይ አንድ ድንኳን ሰጥተውን ቡና እንቆላለን፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ግን ዛሬ ስለ ቡናው አይደለም የምጽፈው።

ማትሱሪ ሲጀመር መጀመሪያ ጆሮ የሚይዘው ከበሮው ነው። የዚህ አካባቢ የበዓል ሙዚቃ ካሳይ ባያሺ ይባላል፣ ትውልዱ እዚሁ ካትሱሺካ ነው፣ ከዛሬ 300 ዓመት ገደማ በፊት፣ ኪዮሆ በሚባለው ዘመን (ከ1716 እስከ 1736 እ.ኤ.አ.)፣ ካናማቺ ያለው የካሳይ መቅደስ ካህን ለመንደሩ ወጣቶች አስተማራቸው ይባላል፣ ከዛ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ድሮዋ ቶኪዮ፣ ትልልቅ በዓላት ገባ። ተጫዋቾቹ አምስት ናቸው። አንድ የቀርከሃ ዋሽንት፣ ሁለት በገመድ ጥርቅም ተደርገው የተወጠሩ ትንንሽ ከበሮዎች፣ አንድ ትልቅ ከበሮ፣ ከዛ ደግሞ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለች ነሐስ አለች፣ በግራ እጅ ይዘው ውስጧን ጫፉ የአጋዘን ቀንድ በሆነ ቀጭን ዱላ ይመቷታል፣ ትንሽ ነገር ናት ግን ድምጿ መንገዱ ጫፍ ድረስ ይሰማል።

እኔ ለብዙ ጊዜ እነዚህ ሰዎች ተከፍሏቸው የሚመጡ ባንድ ይመስሉኝ ነበር። ኧረ አይደሉም። ትልቁን ከበሮ የሚመቱት ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፣ ዋሽንቱን የምትነፋው ሴትዮ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ነሐሷን የያዘው የ3ኛ ክፍል ልጅ ነው። ይሄን ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስመለስ የቾካይ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ሰምቼ በመስኮት ሳይ ነው። (ቾካይ ማለት እድርና ቀበሌ ተጋብተው የወለዱት የሰፈር ማኅበር በሉት፣ ቆሻሻ መቼ እንደሚወጣም የሚነግሩህ፣ ሰው ሲሞትም የሚመጡት እነሱ ናቸው።) ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው ወለሉ ላይ ተንበርክከው አሮጌ የመኪና ጎማ በዱላ ይቀጠቅጣሉ! ከበሮው ላይ የሚወጣው ጎማው ላይ ሲጠነክር ነው አሉኝ፣ ቆዳው ውድ ነው፣ ጎረቤትም አለ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፣ ሽማግሌው በአፋቸው "ቴን ትሱኩ ቴን ቴን" ይላሉ፣ ልጁ ያንኑ በአፉ ይላል፣ ከዛ በእጁ ይመታል። የኔታና የቃል ትምህርት ትዝ አለኝ፣ ቁጣው ሲቀር።

አሁን የራሳችንን ጉድ ላውራ። አምና እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ እኛ ትልልቆቹ ዶሮ ወጡ ላይና ፎቶው ላይ ተጠምደን፣ ልጆቹ አበባየሆሽ ይበሉ ተባለና ነጭ ቀሚስ አልብሰን አሰለፍናቸው፣ ዘፈኑን ከዩቲዩብ ከፍተን በስፒከር ለቀቅነው። አንዷ ስንኝ ሳታልቅ የስፒከሩ ባትሪ ሞተ። ልጆቹ ዝም አሉ። ከ"ለምለም" ሌላ አንድም ቃል አያውቁም ነበር፣ ከየት ያውቁት? እኛም አጨበጨብንና በሳቅ አለፍነው፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሳምንቱ አናጺውን ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና "ልጆቹን ግን እንዴት ነው የሚያመጧቸው?" አልኳቸው። "አላመጣቸውም" አሉኝ፣ "ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት በሩን እከፍታለሁ፣ አንድ ልጅ ከመጣ አንዱን አስተምራለሁ፣ ማንም ካልመጣ ለራሴ እለማመዳለሁ።" ልምምዱን ኬይኮ ይሉታል። እኔ ሙሉ ስብሰባ፣ ኮሚቴ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ምናምን ጠብቄ ነበር፣ የሰውየው መልስ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ሆነ።

ወደ ዘንድሮው ማትሱሪ ልመለስ። እሁድ ከሰዓት ከድንኳናችን አጠገብ የሾዶ ድንኳን ነበር፣ ሾዶ የብሩሽ ጽሕፈት ነው። አስተማሪዋ ሰማንያ የተጠጉ ሴት ናቸው፣ ሁሉም ሰንሰይ ነው የሚላቸው። አሁን ቀለሙ በጠርሙስ ይሸጣል፣ እሳቸው ግን ልጆቹን መጀመሪያ የቀለሙን ዱላ ድንጋይ ላይ ከውሃ ጋር ያሳሿቸዋል፣ ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ጥቁር ዱላ ነው፣ ሲታሽ የሆነ የቆየ መጽሐፍ ሽታ አለው። የኛም ብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ከጥላሸት እንደሚያዘጋጁ ነገርኳቸውና ደስ አላቸው፣ "እንግዲያው በእናንተ ፊደል አንድ ይጻፉልን" ብለው ብሩሹን ሰጡኝ። በዓሉ ደርሷልና "አበባ" ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ብሩሹን ከማውረዴ በፊት፣ "ይሄ ፊደል ከየት ነው የሚጀመረው?" አሉኝ።

ደረቅኩ። አ ከየት ነው የሚጀመረው? ከላይ? ከግራ እግሩ? እነሱ ጋ እያንዳንዷ ፊደል ጭረቷ በተራ ነው፣ ልጅ ተራውን ካሳሳተ ቅርጹ ልክ ቢሆን እንኳ ይታረማል። እኔ ፊደል ስቆጥር ድምፁን ነው ያስያዙኝ፣ ሀ ሁ ሂ እያልኩ ስጮህ አደግኩ፣ የትኛው እግር ይቅደም ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። እንደመጣልኝ ከላይ ጀመርኩ። ሁለተኛዋ ፊደል ላይ የበ ግራ እግር ቀጠነብኝና ላወፍረው ብሩሹን መልሼ ሳወርድ እጄን ቀስ ብለው ያዙኝ። ኒዶጋኪ ይሉታል፣ በጻፉት ላይ ደግሞ መጻፍ፣ በሾዶ አይደረግም። የቀጠነ ቀጥኖ ይቀራል፣ ካልወደድከው ሌላ ወረቀት አለ። እኔ በሕይወቴ ስንት ነገር ነው ደጋግሜ እያወፈርኩ ያበላሸሁት እያልኩ ሳስብ "ይቀጥሉ" አሉኝ። ጨረስኩት፣ ቀጭኗ እግር እንዳለች። ሰንሰይ በቀይ ቀለም ዳሩ ላይ እየተጠቀለለች አበባ የምትሆን ክብ ሳሉልኝ፣ ሃናማሩ ትባላለች፣ ደህና ለሠራ ተማሪ ነው የምትሰጠው። አበባ ለሚል ጽሑፍ አበባ አገኘሁ ማለት ነው።

"ምን ይላል?" አሉ ከጎን የነበሩ አንድ አዛውንት። "አበባ" አልኩ።

"አበበ!" አሉ ሰውየው፣ ከወንበራቸው ተነሱ እኮ። "አበበ ነው የጻፈው፣ አበበ!" ድንኳኑ ሙሉ አበበ፣ አበበ ሆነ። ለማታውቁ፣ እዚህ አገር ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ላለ ሰው ኢትዮጵያ ማለት አበበ ቢቂላ ነው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ 2:12:11.2 ገብቶ ከዛ ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ የሠራው። ሰውየው ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ጎረቤት ቤት በቲቪ አይተውታል። "በባዶ እግሩ" አሉኝ። ሮም ነው በባዶ እግሩ የሮጠው፣ እዚህ ጫማ አድርጎ ነበር፣ ግን ማን አፍ ይከፍታል። ሌላ ወረቀት አንስቼ "አበበ" ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ሰንሰይ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዘው አዩና "የግራ እግሯ ስታጥር ሯጩ አበባ ይሆናል ማለት ነው?" አሉ። አዎ፣ ያው ነው።

ከፎቅ ላይ የሻይ ሥነ ሥርዓት ነበር፣ ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም እግሬ ደንዝዞ ግማሹን አላስታውስም። ጣፋጩ አስቀድሞ ይበላል፣ ጎድጓዳውን የሻይ ዕቃ የፊት ገጹ ላይ አፍህን እንዳታሳርፍ ትንሽ ታዞረዋለህ፣ የመጨረሻዋን ድምፅ አሰምተህ ትጠጣለህ። ሁላችንም አንድ ቀን "የኛ ቡናና የነሱ ሻይ አንድ ነው" ብለን ፖስት አድርገናል፣ እኔም አድርጌያለሁ፣ አሁን ግን እንጃ። የኛ ቡና የሚፈላው ሰው እንዲያወራ ነው፣ እዛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለ20 ደቂቃ የሰማሁት የውሃ መፍላትና የጓደኛዬን ሳል ነው። ሁለቱም ደስ ይላል።

ሚኮሺ መሸከም ላይ ግን አልገባሁም። ወርቅ የተለበጠች ትንሽ መቅደስ ናት፣ በረጃጅም እንጨት "ዋሾይ! ዋሾይ!" እያሉ በትከሻቸው ያዞሯታል፣ ታቦት ሲወጣ ያየ ሰው ልቡ ዝም አይልም። ለዛ ነው ያልገባሁት። ና ሲሉኝ በእምነቴ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው፣ "እሺ፣ እንግዲያው ውሃ ያዝልን" አሉኝ፣ ኩባያ ይዤ ከጎን ከጎን ስሮጥ ዋልኩ።

እና የኛ ልጆች። ከሚያዝያ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ባያሺዎቹ ከመግባታቸው በፊት፣ ያው አዳራሽ ተከፍቶልናል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጅ መጣ፣ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፣ በአይስክሬም ነው ያመጣኋት። አሁን ሰባት ደርሰዋል። ከበሮውን የሚለማመዱት በነሱ ጎማ ነው፣ ግጥሙን በአፍ በአፍ፣ ያለ ስፒከር። ኮከብ መቁጠሩ ጋ ስንደርስ አንዷ "የት ነው ኮከቡ?" አለችኝ፣ የቶኪዮ ልጅ አይደለች፣ እውነቷን ነው። አደይ እዚህ የለም፣ አራካዋ ወንዝ ዳር በዚህ ወቅት የምትፈነዳ ቢጫ ኮስሞስ አለች፣ ራቅ ብለህ ካየሃት ታታልልሃለች፣ ዘንድሮ እሷን ነው የምንይዘው።

እሁድ መስከረም 4፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቶኪዮና አካባቢው ያላችሁ ኑ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ድፎ ዳቦ አለ። አናጺውም ሰንሰይም ይመጣሉ። አበበ ያሉት አዛውንትም ይመጣሉ፣ ባለፈው በአዳራሹ በር ሲያልፉ ልጆቹን ሰምተው ገብተው ነበር፣ ሰባቱ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረና "ስለ አበበ ነው የሚዘፍኑት?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።